የጣናና የዓባይ የቀድሞ የቅየሳ ሪፖርቶች እንዴት ይነበባሉ?

አንድ ተማሪ፣ መሐንዲስ ወይም የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ቆየት ያለ መረጃ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ እጁ የሚገባው በካይሮ ወይም በለንደን የታተመ፣ ሠንጠረዥ የበዛበት፣ በመጨረሻው ላይ የታጠፈ ካርታ የተያያዘበት የመንግሥት ሪፖርት ነው። የእነዚህ ሪፖርቶች ጥቅም ትልቅ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ሐይቁ በየወቅቱ ምን ያህል ከፍና ዝቅ ይል እንደነበር፣ በመውጫው በኩል ምን ያህል ውሃ ይፈስ እንደነበር፣ ዳርቻው ምን ይመስል እንደነበር በቁጥር የሚነግረን ሌላ ምንጭ እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ስለ ታተመ ብቻ እንዳለ መቀበል፣ ወይም በተቃራኒው የባዕዳን ጽሑፍ ነው ብሎ ጨርሶ መተው፣ ሁለቱም ያሳስታሉ። ቁጥሩ የሚታመነው ማን፣ ለምን፣ በየትኛው ወር፣ በምን መሣሪያ እንደ ለካው ሲታወቅ ነው። ይህ መመሪያ ይህን የማወቂያውን መንገድ ያሳያል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የላከውን ይወቁ

ሪፖርቱን እንደ ያዙ ወደ ሠንጠረዡ አይሂዱ። የርእሱን ገጽ፣ መቅድሙንና ሪፖርቱን የሚሸኘውን ደብዳቤ ያንብቡ። ብዙ አንባቢ እነዚህን ገጾች እንደ ወግ ቆጥሮ ያልፋቸዋል፤ ነገር ግን አጥኚው ምን ተጠይቆ እንደ ወጣ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። አጥኚ ደግሞ የተጠየቀውን ይለካል እንጂ ያልተጠየቀውን አይለካም።

የጣናን ጉዳይ እንመልከት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (15 ሜይ 1902) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል በሦስተኛው አንቀጹ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ወንዝ ላይ ወደ ናይል የሚወርደውን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ይናገራል። ውሉ በተፈረመበት ዓመት የበጋ ወራት ዱፑዊ የተባለው የመስኖ መሐንዲስ ወደ ጣና መጣ፤ ጥናቱም በ1904 ሰር ዊልያም ጋርስቲን ስለ ላይኛው የናይል ተፋሰስ ባቀረበው ትልቅ ሪፖርት ውስጥ ታተመ። ጋርስቲን የግብፅ የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ግብፅ በዚያ ዘመን የሚያስጨንቃት ጥጥ በሚለማበት ወቅት፣ ናይል እጅግ በሚቀንስባቸው ወራት፣ ውሃ ከየት ይገኛል የሚለው ነገር ነበር። ስለዚህ የሪፖርቱ ጥያቄ «ጣና ላይ ምን ያህል ውሃ አጠራቅሞ በደረቁ ወራት መልቀቅ ይቻላል?» የሚል ነው። «የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ምን ያህል መሬት ማልማት ይችላል?» የሚል ጥያቄ ያልተነሣው ሰዎቹ ስላላዩት አይደለም፤ የተላኩበት ጉዳይ ስላልነበረ ነው። ይህን የተረዳ አንባቢ በሪፖርቱ ውስጥ ስለ አካባቢው እርሻ የሚያገኘውን ጥቂት መስመር እንደ ሙሉ ጥናት አይወስደውም።

ከዱፑዊ በኋላ በ1920 እና በ1921 የሱዳን መንግሥት ጂኦሎጂስት ግራብሃምና የመስኖ መሐንዲሱ ብላክ የመሩት የጥናት ቡድን ወደ ሐይቁ ተላከ፤ ሪፖርቱ ካይሮ ላይ የታተመው በ1925 ነው። በዚያው ዓመት በሱዳን የሰናር ግድብ ተጠናቀቀ፤ በዓመቱ መጨረሻም እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣና ደብዳቤ ተለዋውጠው ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ተስማሙ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በ1926 አቤቱታቸውን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። ቀጥሎ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1927 ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ ኩባንያው በ1930 እና በ1931 የራሱን ቅየሳ አደረገ። እንግዲህ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ሐይቅ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተጠንቷል ማለት ነው፤ ላኪው ግን በየጊዜው አንድ አልነበረም፣ የተፈለገውም ሥራ አንድ አልነበረም። የሦስቱን ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ከመደርደርዎ በፊት ይህን ልዩነት በማስታወሻዎ አናት ላይ ይጻፉ፦ ላኪው ማን ነው፣ ዓላማው ምን ነበር፣ አጥኚው በሙያው ምንድን ነው፣ ስንት ቀን ቆየ። ጂኦሎጂስት ስለ ድንጋይ የጻፈውና መሐንዲስ ስለ ድንጋይ የጻፈው በአንድ ሪፖርት ውስጥ ቢገኙም ክብደታቸው እኩል አይደለም።

ወሩን ሳያውቁ የፍሰት ቁጥር አይጥቀሱ

በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁ የስህተት ምንጭ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የጥናት ቡድኖች የሚጓዙት በበጋ ነው። ክረምት ላይ ወንዝ አይሻገሩም፣ የጭነት እንስሳት ጭቃውን አያልፉም፣ ቆላው ወባ ይሆናል፤ ስለዚህ በጉዞ ላይ የተለካው አብዛኛው ፍሰት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የተለካ ነው። ዓባይ ደግሞ በበጋና በክረምት አንድ ወንዝ አይመስልም። ካርቱም አጠገብ ሲለካ በነሐሴ መጨረሻ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ ይወርዳል፤ በሚያዝያ ግን ከ100 ሜትር ኩብ ጥቂት ከፍ ቢል ነው። የዓመቱ ውሃ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ያልፋል። ሐይቁ በበኩሉ የራሱ ጠባይ አለው፤ ሰፊ ስለሆነ የክረምቱን ውሃ ይዞ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ከፍተኛ ወለሉ የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝቅተኛው ደግሞ ዝናቡ ሊጀምር ሲል በሰኔ አካባቢ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሪፖርት «በሐይቁ መውጫ ላይ የተለካው ፍሰት 1,500 ኩሴክ ነው» ይላል እንበል። ኩሴክ ማለት በሰከንድ አንድ ኪዩቢክ ጫማ ሲሆን 28.3 ሊትር ነው። ስለዚህ 1,500 ኩሴክ በሰከንድ 42.5 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ በቀን 3.67 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፤ ይህንኑ በ365 ቢያባዙት በዓመት 1.34 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ነገር ግን ከ1920 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በመውጫው ላይ ከተያዘው መዝገብ የሚገኘው የዓመት አማካይ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። እንግዲህ የአንድ ቀን የበጋ ልኬት በዓመት ሲባዛ የእውነተኛውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ሰጠን። የለካው ሰው አልተሳሳተም፤ ያባዛው ሰው ነው የተሳሳተው። እንዲህ ያለ ስሌት በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ተገልብጦ ሲዞር ስለሚኖር፣ የቆየ የዓመት ቁጥር ሲያገኙ ከብዙ ወራት ልኬት የተሰበሰበ ነው ወይስ ከጥቂት ቀናት የተባዛ የሚለውን ሳያጣሩ አይለፉት።

በዚሁ ላይ ሳለን፣ ብዙዎች የሚያዛቡት አንድ ነገር አለ። በመውጫው በኩል ከጣና የሚወጣው ይህ 4 ቢሊዮን ገደማ ውሃ ዓባይ ወደ ሱዳን ሲገባ ከሚኖረው 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው ከሐይቁ በታች ካሉት ገባሮች የሚመጣ ነው። ታዲያ መንግሥታቱ ስለ ጣና ለምን ያን ያህል ተጨነቁ? መልሱ በስፋቱ ውስጥ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ ወለሉ በአንድ ሜትር ከፍ ሲል ቢያንስ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይጠራቀማል። አንድ ሜትር ብቻ! በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይህን ያህል ውሃ ለመያዝ ረጅም ግድብ ያስፈልጋል፤ ጣና ላይ ግን በመውጫው ላይ አጭር ግድብ ይበቃል። ሪፖርቶቹ ውስጥ የወለል ከፍታ በሴንቲ ሜትር ደረጃ ሲመረመር ሲያዩ የሚሰላው ይህ መሆኑን ያስታውሱ። ያው አንድ ሜትር የደምቢያንና የፎገራን ዝቅተኛ መሬት፣ የዳርቻና የደሴት ገዳማትንም ቅጥር የሚነካ ስለሆነ፣ ሪፖርቱ ስለ ማጠራቀም የሚናገረውን ገጽ ሲጨርሱ ውሃው ስለሚሸፍነው መሬት የሚናገር ገጽ አለ ወይስ የለም ብለው ይፈልጉ።

መሣሪያውን ይመርምሩ

የፍሰት ልኬት በዚያ ዘመን በሁለት መንገድ ይደረግ ነበር። የተሻለው መንገድ በውሃ ኃይል የሚሽከረከር የፍጥነት መለኪያ ነው፤ ወንዙ በስፋቱ ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል ጥልቀቱና ፍጥነቱ ይለካል፣ ከዚያ ይደመራል። ሁለተኛው መንገድ ተንሳፋፊ ነገር ጥሎ የታወቀ ርቀት ለመሄድ የፈጀበትን ጊዜ መቁጠር ነው። በተንሳፋፊ የሚገኘው የላይኛው ገጽ ፍጥነት ነው፤ ውሃ ደግሞ ወደ ወለሉና ወደ ዳሩ ሲጠጋ ይዘገያል፤ ስለዚህ አማካዩ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ከገጹ ፍጥነት 85 በመቶ ያህል ነው። ሪፖርቱ በተንሳፋፊ ተለካ ካለ፣ ይህ ቅናሽ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም የሚለውን ይፈልጉ። አልተደረገ ከሆነ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ያለ ነው።

በየዕለቱ ፍሰት የሚለካ ሰው አልነበረም። ይልቁንም ምልክት የተደረገበት ዘንግ ውሃው ዳር ይተከልና አንድ ሰው በየቀኑ የውሃውን ከፍታ አንብቦ ይመዘግባል፤ ጥቂት ቀናት ከተለካው ፍሰት ጋር ተነጻጽሮም የቀሩት ቀናት ፍሰት ከዘንጉ ንባብ ይሰላል። ስለዚህ የ365 ቀን ሠንጠረዥ ሲያዩ 365 ልኬት አድርገው አይቁጠሩት፤ ከጀርባው ያሉት እውነተኛ ልኬቶች ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በተለይ የጎርፉ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የተሰላ እንጂ የተለካ አይደለም። የዘንጉ ዜሮም የራሱ ነው። «ሐይቁ 1.20 ሜትር ላይ ነበር» ማለት ከዘንጉ ዜሮ በላይ ማለት እንጂ ከባሕር ጠለል ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዘንጉ ወድቆ እንደገና ከተተከለም ዜሮው ሊለወጥ ይችላል። የተለያዩ ዓመታት ንባቦችን ከማነጻጸርዎ በፊት ዘንጉ ከምን ቋሚ ምልክት ጋር እንደተያያዘ ይፈልጉ።

ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ደግሞ በጥንቃቄ የሚወሰድ ነው። ከባሕር ጀምሮ በደረጃ መለኪያ እየተቆጠረ የመጣ መስመር በሌለበት አገር ተጓዦች ከፍታን የሚያውቁት በባሮሜትር ወይም ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት በመለካት ነበር። የመፍያው ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በንባብ ላይ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ስህተት ብቻ 30 ሜትር ያህል ያዛባል። ባሮሜትርም የአየሩ ጠባይ በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይለወጣል። ጥንት የታተሙ መጻሕፍት የጣናን ከፍታ 6,000 ጫማ ያህል ብለው ሲጽፉ ይህ 1,829 ሜትር ነው፤ ዛሬ የሚታወቀው ግን 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ «ሐይቁ በመቶ ዓመት ውስጥ 40 ሜትር ወረደ» ብሎ መጻፍ ከባድ ስህተት ነው፤ የሐይቁ ትልቁ ጥልቀት ራሱ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የተለወጠው የመለኪያው መንገድ ነው። በአንጻሩ በአንድ ቡድን፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ አካባቢ የተለኩ ከፍታዎች ልዩነት ከባሕር ጠለል ከተቆጠረው ከፍታ ይልቅ ይታመናል፤ በተለይ በደረጃ መለኪያ የተቀየሰ ከሆነ።

መስፈሪያውን ይመልሱ፣ ቀኑንም

የናይል ሪፖርቶች መስፈሪያ የተደባለቀ ነው። የግብፅ መስኖ ሰዎች ውሃን በሜትር ኩብ ይለካሉ፤ ርቀትንና ከፍታን ግን በማይልና በጫማ የሚጽፉ አሉ። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ጫማ 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው። የፍሰት ሠንጠረዥ «በቀን ሚሊዮን ሜትር ኩብ» ከሆነ በሰከንድ ለማድረግ በ11.57 ያባዙት። ሚሊያርድ ማለት ቢሊዮን ነው። የግብፅ የመሬት ስፋት በፌዳን ይጻፋል፤ አንድ ፌዳን 4,200 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የአሜሪካ መሐንዲሶች ደግሞ ኤከር-ጫማ ይጠቀማሉ፤ ይኸውም አንድ ኤከር መሬት በአንድ ጫማ ጥልቀት የሚሸፍን ውሃ ሲሆን 1,233 ሜትር ኩብ ነው። ማስታወሻ ሲይዙ መጀመሪያ ቁጥሩን በተጻፈበት መስፈሪያ ይቅዱ፣ ከአጠገቡ የመለሱትን ይጻፉ። የመለሱትን ብቻ ይዘው ዋናውን ከጣሉ ስህተት ቢገባ ተመልሰው ሊያርሙት አይችሉም። ደግሞም «ወደ 6,000 ጫማ» የተባለውን ክብ ቁጥር «1,828.8 ሜትር» ብሎ መጻፍ አጥኚው ያልነበረውን ጥራት መስጠት ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ የአካባቢን ታሪክ ከሪፖርቱ ጋር ለማገናኘት ወደ ዓመተ ምሕረት መመለስ ያስፈልጋል። መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 11፣ ከአውሮፓውያን ሠግር ዓመት በፊት ባለው ዓመት ደግሞ በ12 ይውላል፤ የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። የ1920 እና የ1921 ጥናት በአብዛኛው በ1913 ዓ.ም. ላይ የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሽማግሌዎች «በዚያ ዓመት ሐይቁ ሞልቶ ነበር» ሲሉ የሚናገሩት በእኛ ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ይህን ሳያስተካክሉ ምስክርነቱን ከሠንጠረዡ ጋር ማጋጨት አይገባም።

አማካዩ የስንት ዓመት ነው?

«አማካይ» የሚል ቃል ባዩ ቁጥር ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት ብለው ይጠይቁ። ናይል ለዚህ ከማንኛውም ወንዝ የበለጠ ያስተምራል። አስዋን ላይ ከ1870 እስከ 1899 የተመዘገበው የዓመት አማካይ 110 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነበር፤ ከ1900 እስከ 1959 ያለው አማካይ ግን 84 ቢሊዮን ነው። በ1913 ደግሞ ጎርፉ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። በ1904 ሪፖርቱን የጻፈ ሰው ከኋላው የነበረው መዝገብ በአመዛኙ የጥጋብ ዘመን መዝገብ ነው፤ በ1925 የጻፈው ግን ድርቁን አይቷል። ሁለቱም በሐቀኝነት ጽፈው ሊለያዩ ይችላሉ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በአሜሪካ በኮሎራዶ ወንዝ ደርሷል። በ1922 ግዛቶቹ የወንዙን ውሃ ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 7.5 ሚሊዮን ኤከር-ጫማ አድርገው ሲካፈሉ በእጃቸው የነበረው መዝገብ አጭር ነበር፤ የተለኩት ዓመታትም ከወትሮው ውሃ የበዛባቸው ነበሩ። የአገሪቱ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የውሃ መሐንዲስ ላ ሩ ወንዙ የሚባለውን ያህል ውሃ እንደሌለው በዚያው ዘመን ጽፎ ነበር፤ ኋላም የዛፎችን የዕድሜ ቀለበት በመቁጠር የተደረገው ጥናት የረጅም ዘመኑ አማካይ ከተከፋፈለው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የመንግሥት ጥናት ክፍል ያወጣው ሪፖርትና ፖለቲከኞች ከእርሱ መርጠው የወሰዱት ቁጥር አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉም ከዚህ እንማራለን፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከውል ወይም ከጋዜጣ ሳይሆን ከሪፖርቱ ከራሱ ይውሰዱ።

የቦታ ስም

ስሙን ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። «ጻና» የሚለው ጣና ነው፤ «ባሕር ኤል አዝራቅ» ዓባይ ነው፤ «ትንሹ አባይ» ግልገል ዓባይ ነው፤ «ባሕርዳር ጊዮርጊስ» የዛሬው ባሕር ዳር ነው፤ ሶባት በእኛ በኩል ባሮ ብለን ከምንጠራው ወንዝ የሚያያዝ ነው። ጸሐፊው የሰማውን የጻፈው በራሱ ቋንቋ ጆሮ ነው፤ መሪው ዐረብኛ ተናጋሪ ከሆነም ስሙ በሁለት አንደበት ተጣርቶ ደርሷል። አንዳንዴ የሰፈር ስም ተብሎ የተጻፈው የባላባቱ ስም ወይም የገበያው ቀን ይሆናል። የአካባቢው ተወላጅ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት በላይ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የሐይቁን ዳርቻና የዓባይን አካሄድ ረጅም ጊዜ ወስዶ በካርታ ስላወጣ፣ በቀደሙት ሪፖርቶች የጠፋብዎትን ስም ለማስተካከል የእርሱን ካርታ ከእነርሱ ጎን ቢዘረጉ ይጠቅማል።

ስለ ድንጋይ የተጻፈውን ሲያነቡ

የጂኦሎጂ ክፍሉን በሁለት ቀለም ያንብቡ፤ ያየውን በአንዱ፣ የገመተውን በሌላው ያስምሩ። ያየው አያረጅም። «ከዚህ ገደል ሥር ጥቁር ባዛልት አለ፣ ከበላዩ ቀይ አፈር፣ ከዚያ ሌላ ባዛልት» የሚል ገለጻ ዛሬም ቦታው ድረስ ሄደው የሚያረጋግጡት ነው። የገመተው ግን በዘመኑ እውቀት የታጠረ ነው፤ የድንጋይን ዕድሜ በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር መለካት ገና ያልተስፋፋበት፣ የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ትምህርት ያልነበረበት ዘመን ነው። የደጋችን ትልቁ የባዛልት ክምር 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው የታወቀው ኋላ ነው፤ ስለዚህ በአሮጌ ሪፖርት ያለውን የዕድሜ ስም እንደ ታሪክ እንጂ እንደ መረጃ አይጥቀሱት።

ስሞቹ ግን ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራባቸዋል። በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ ያወጣቸው የአሸንጌ፣ የመቅደላ፣ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የሚሉ ስያሜዎች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዘልቀዋል። ኋላ የመጡት አጥኚዎች በእነዚህ ስሞች ሲጠቀሙ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ማለታቸው ስላልሆነ፣ ጸሐፊው «አሸንጌ» ሲል የትኛውን ንብር ማለቱ እንደሆነ ከገለጻው ያረጋግጡ።

የድንጋይ ካርታ ሲያገኙ መጀመሪያ የጉዞውን መስመር በእርሳስ ይከተሉ። ጂኦሎጂስቱ ያየው መንገዱ ዳርና ዳር ያለውን ነው፤ በሁለት መንገዶች መካከል የተቀባው ቀለም ከሩቅ የታየ ወይም የተገመተ ነው። የተቆራረጠ መስመርም ይህንኑ ይናገራል። ጣናን በተመለከተ ከሁሉ የሚጠቅመው በመውጫው አካባቢ የተጻፈው ነው፤ ሐይቁን የያዘው ከብዙ ጊዜ በፊት የፈሰሰ የባዛልት ቅልጥ ድንጋይ የወንዙን መንገድ ስለ ዘጋው ነውና፣ ግድብ ሊሠራ የመጣ ሰው ያን ድንጋይ ከሌላው ሁሉ አጥብቆ መርምሮታል። ምንጭ የሚፈልቅበትን ቦታ የሚጠቅሱ መስመሮችንም አይዝለሉ። በባዛልት አገር ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በአንዱ ንብርና በሌላው መካከል ባለው ስንጥቅና የአፈር ንጣፍ ላይ ስለሆነ፣ እነዚያ ተራ የሚመስሉ ማስታወሻዎች ለዛሬ የጉድጓድ ቆፋሪ ትርጉም አላቸው።

ስለ ማዕድን የተጻፈውን ግን ቀዝቀዝ ብለው ይዩት። «ከሰል አለ» ማለትና «የሚወጣ ከሰል አለ» ማለት የተለያዩ ናቸው። በጭልጋ ሊግናይት የተባለው ለጋ ከሰል መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውፍረቱ፣ ስፋቱና ጥራቱ ካልተነገረ መኖሩ ብቻ ሀብትነቱን አያስረዳም። አንድ ሪፖርት የንብሩን ውፍረት ሳይለካ ስለ ሀብቱ ብዛት የሚናገር ከሆነ ንግግሩ ተስፋ ነው።

ከዛሬው ጋር ሲያነጻጽሩ

ሪፖርቶቹን ለማግኘት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክርን ይጠይቁ፤ በእንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው በኪው የሚገኘውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና በዱርሃም ዩኒቨርሲቲ ያለውን የሱዳን መዝገብ ቤት መጎብኘት ይችላል። የዲጂታል ቅጂ ሲያገኙ የታጠፉት ካርታዎች በሙሉ ተገልጠው መቀረጻቸውን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት እነርሱ ናቸው፣ የሪፖርቱ ግማሽ ዋጋ ደግሞ በእነርሱ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች፣ በተለይም በ1964 የተጠናቀቀው የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት፣ የቀደሙትን ቁጥሮች ለመፈተን ይረዳሉ። የዛሬውን የመውጫ ፍሰት ከ1920ዎቹ ጋር ሲያነጻጽሩ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ከ1996 ጀምሮ የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ ይቆጣጠራል፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ይለቃል። ስለዚህ ዛሬ በመውጫው የሚለካው ሰው የለቀቀው ውሃ ነው፤ የጥንቱ ግን ሐይቁ በራሱ የለቀቀው ነው። ለማነጻጸር የሚበጀው የገባሮቹን፣ የግልገል ዓባይን፣ የጉማራን፣ የርብንና የመገጭን ፍሰት መውሰድ ነው፤ በእነርሱም ላይ ቢሆን የመስኖ ሥራዎች ከተጀመሩበት ዓመት በፊት ያለውን ለይተው ይያዙ።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ የሚጠቅሱት ቁጥር አንድ መስመር ያዘጋጁ፤ በመስመሩ ላይ ቁጥሩን በዋናው መስፈሪያ፣ የተመለሰውን፣ የተለካበትን ቦታ የጥንትና የዛሬ ስም፣ ወሩንና ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ መሣሪያውን፣ የሪፖርቱን ስምና ገጽ ይጻፉ። መሣሪያው ወይም ወሩ ካልተገኘ ያን ቦታ ባዶ ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው አጥኚ ባዶውን ቦታ አይቶ ራሱ ፍለጋውን ይቀጥላል።